ከደረጃው ሥር የነበረው ክፍል

ይህን ለሚስቴም ሆነ ለልጆቼ ተናግሬ አላውቅም። አላህ አይቶኛል፤ ለእሱ መንገር አያስፈልገኝም። ለእናንተ ግን ልንገራችሁ።

እኔ የትምህርት ቤት ደጃፍ ሳልረግጥ ራሴን ያስተማርኩ ሰው ነኝ። መካ ውስጥ የፈረሱትን የድሮ ቤቶች፣ ከግድግዳቸው ወጣ ብለው የሚንጠለጠሉትን የእንጨት መስኮቶቻቸውን ሳላስቀር፣ አሳንሼ በእንጨት እሠራለሁ። በጂዳ የሚስተካከለኝ የለም። ይህን ዛሬም እላለሁ፤ እውነት ነውና። ኃጢአቴም የመጣው ከዚሁ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከሞዴሎቼ አንዱ፣ ባለ ሦስት ፎቅ የመካ ቤት፣ ጂዳ ላይ ለኤግዚቢሽን ቀረበ። ወጣት መሐንዲሶች ኦግመንትድ ሪያሊቲ የሚሉትን ጨመሩበት። ታብሌቱን ወደ ሞዴሉ ሲያዞሩት፣ በስክሪኑ ላይ ግድግዳው ይከፈትና ክፍሎቹ አንድ በአንድ ይታያሉ። ተማሪዎች እየለኩ ያጠኑታል። የቤቱን ውስጥ ለመሐንዲሶቹ የነገርኳቸው እኔ ነኝ። ከደረጃው ሥር ምን እንዳለ ሲጠይቁኝ «ምንም፤ ድፍን ነው» አልኩ።

ድፍን አልነበረም። ሞዴሉን የሠራሁት ከአንድ አሮጌ ፎቶ ነው። በፎቶው ላይ፣ በደረጃው በኩል፣ መዳፍ የምታህል መስኮት ነበረች። አይቻታለሁ። የቤቱን መልክ አበላሸችብኝና ደፈንኳት።

በሦስተኛው ቀን ዘይነባ የምትባል የአገሬ ልጅ፣ የወሎ ሴት፣ እዚሁ ያደገች ልጇን አስከትላ መጣች። ያ ቤት ሳይፈርስ ዘጠኝ ዓመት በሠራተኝነት ኖራበታለች። ታብሌቱን ይዛ ሞዴሉን ሁለቴ ዞረችው።

«አባባ፣ ክፍሌ የታለች?» አለችኝ ቀስ ብላ። «ከደረጃው ሥር ነበረች እኮ። ወላሂ፣ እግር አታስዘረጋም ነበር። በመስኮቷ የመንገደኛውን ጫማ አይ ነበር። ለልጄ ላሳያት ብዬ ነው ከበኒ ማሊክ ሰፈር የመጣሁት።»

እንግዶች ከበውናል። መሐንዲሶቹ እኔን እኔን ያያሉ። መስኮቷን በገዛ እጄ የደፈንኩት እኔ ምን አልኩ? እሷ በአማርኛ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ጠየቀችኝ። እኔ ሁሉም እንዲሰማ በአረብኛ መለስኩ።

«አንቺ ልጅ፣ ቤት መጥረግና ቤት ማወቅ ይለያያል። የሠራሽው ሌላ ቤት ውስጥ ይሆናል።»

ሰው ሳቀ። የዘይነባ ልጅ ፊቷ ቀላ።

«ኸላስ ማማ፣ በቃሽ፤ ያላ እንሂድ!» አለች በአረብኛ። «የሠራው እሱ፣ የምታውቂው አንቺ? የዚያን ክፍል ወሬ ስንቴ ነው የምሰማው?»

ዘይነባ አልተከራከረችም። ታብሌቱን በሁለት እጇ መለሰችልኝ። «አፉ በለኝ አባባ፣ ተሳስቼ ይሆናል» ብላኝ ሄደች። ይቅርታ የጠየቀችኝ እሷ ናት! እኔም ይቅርታዋን ተቀበልኩ።

አላወቅኩም ነበር ልበል? አውቅ ነበር። ደንግጬ ነው ልበል? አልደነገጥኩም፤ ኮራሁ እንጂ።

ባለፈው ወር ክፍሏ ታብሌቱ ላይ እንድትገባ አደረግኩ። መሐንዲሶቹ በአንድ ቀን ጨረሱት፤ መስኮቷም አለች። ግን ምን ብዬ እንደነገርኳቸው ታውቃላችሁ? «አዲስ ፎቶ አገኘሁ» አልኳቸው። ስሟን አላነሳሁም። እነሱም ትጋቴን አመሰገኑ። አንዴ ውሸታም አስመሰልኳት፣ አሁን ደግሞ ያየችውን ወስጄ የራሴ እውቀት አደረግኩት።

በኒ ማሊክ ሄጄ ሱቅ ለሱቅ ጠየቅኩ። የሚያውቃት አላገኘሁም።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ የተበደላችሁት እናንተ አይደላችሁም። የሆነ ቦታ አንዲት ልጅ እኔን አምና እናቷን ሳታምን እየኖረች ነው።