የማይከፈተው ገጻችን

ዛሬ ክፍል ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ እጄን አወጣሁ። ምነው ባላወጣሁ!

የኮምፒውተር መምህራችን የትምህርት ቤታችንን ድረ ገጽ እያስተካከሉ ነው። ጎግል ላይ ሲፈለጉ የሚወጡ፣ ሲነኩ ግን የማይከፈቱ ገጾች ስላሉ ከፍለጋው እንዲጠፉ ጎግልን ሊጠይቁ ነው።

"ስለ ዘንገና ሐይቅ የተጻፈው ቀርቶኛል። ኔትወርክ ደግሞ የለም። የገጹን አድራሻ የሚያውቅ አለ?" አሉ።

እኔ በቃሌ አውቀዋለሁ። ዘጠነኛ ክፍል ሳለን ከትርንጎ ጋር የጻፍነው ነው።

ትርንጎ ብቸኛ ጓደኛዬ ነበረች። ቤተሰቧ ወደ ባሕር ዳር ከሄዱ ወዲህ ስልኳ አይሠራም። ገጹ መከፈት ቢያቆምም ስሞቻችን ፍለጋው ላይ ጎን ለጎን ይወጣሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ ኢንተርኔት ቤት ገብቼ እነሱን አይቼ እወጣለሁ። (የኢንተርኔት ቤቱ ልጅ ስለ እኔ ምን እንደሚያስብ እንጃ።)

መልሱን እኔ ብቻ የማውቀው ጥያቄ ሲመጣ ደስ አለኝና እጄን አወጣሁ።

"ጉድ! ለካ ትናገራለች!" አለ አንዱ ከኋላ።

ሰሌዳው ላይ አንድም ፊደል ሳልስት ጻፍኩት።

"ጎበዝ! በጥቂት ቀን ውስጥ ከጎግል ይጠፋል" አሉ መምህሩ። ተጨበጨበልኝ።

"ቲቸር፣ እሱስ ይቅር" ልል ፈለግሁ። ግን ተመልሼ ተቀመጥኩ።

ባሕር ዳር ያላችሁ፣ ከእንጅባራ የመጣች ትርንጎ የምትባል ልጅ ካወቃችሁ እየፈለግኋት እንደሆነ ንገሩልኝ።

እናንተስ፣ እንዲህ በገዛ እጃችሁ ያጠፋችሁት ነገር አለ? እስኪ ጻፉልኝ፣ ሁሉንም አነባለሁ።