ግራውን ያዙ

የሐይቁን መስመር ትኬት የሚቆርጡት ሴት ከሰፈራቸውና ከመናኸሪያው በቀር የረገጡት መሬት አልነበረም። ሹፌሮቹ ግን «እትዬ ካርታ» ይሏቸዋል። ከሐይቁ የሚመለስ መንገደኛ ያወራላቸውን ለሚሄደው እየነገሩ፣ ድልድዩ ላይ ነፋስ እንዳለ፣ ከኮረብታው ማዶ መንገዱ እንደሚያንገጫግጭ፣ የትኛው ማረፊያ ንጹሕ መጸዳጃ እንዳለው ያስረዳሉ። ይህን ሲያወሩ የመስኮታቸውን መስተዋት በአሮጌ ካልሲ መወልወል ልማዳቸው ነው።

ከምክራቸው ሁሉ የሚኮሩበት ግን አንዱ ነበር። ትኬቱን በሁለት ጣታቸው ያዝ አድርገው፣ «ግራውን ያዙ፣ ጥላ ነው» ይላሉ። ይህን ከማንም አልሰሙትም፤ በገዛ ዓይናቸው ያዩት ነው። ጠዋት ጠዋት አውቶቡሱ አፍንጫውን ወደ ግድግዳው አስጠግቶ ሲቆም፣ ግራው ጥላ፣ ቀኙ ፀሐይ ነው።

ታናሽ እህታቸው ሐይቁ ዳር ትኖራለች። በስልክ ሁልጊዜ እንደነቆረቻቸው ነው።

«እትዬ፣ ሰውን ሁሉ ወደዚህ ትልኪያለሽ፤ ራስሽን መላክ ግን አቃተሽ።»

«ምን ቀረብኝ? መንገዱን እንደ መዳፌ አውቀዋለሁ።»

«እውነት የምታውቂው ከሆነ ነው እንግዲህ።»

ይቺ ቃል እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሯቸው ውስጥ ቀረች። ስንት ሰው የሚያምነው አፋቸው በእህታቸው ፊት ሐሰተኛ ሊሆን ነው? ፈቃድ ጠየቁ፤ ትራስና ጃንጥላ ያዙ፤ አውቶቡሱ ገና ሳይሞላ ገብተው በግራ በኩል መስኮት ሥር ተደላድለው ተቀመጡ። ዘንቢሏን ያቀፈች ነጋዴ ሴት ከጎናቸው ተቀመጠች።

አውቶቡሱ ወደ ኋላ አለ፣ ዞረ፣ በበሩ ወጣ። ፀሐይዋም ጉንጫቸው ላይ ቁጭ አለች።

«ኩርባው ነው» አሉ በሆዳቸው። ኩርባው አለፈ። ሌላም ኩርባ አለፈ። ፀሐይዋ ግን እንደ ክፉ አማት ዓይኗን አልነቅል አለች። የግራው ሕዝብ በጋዜጣና በሻርፕ ይከላከላል። በቀኝ በኩል የተቀመጡት የመስመሩ ደንበኞች አፋቸውን ከፍተው በጥላ ያንኮራፋሉ።

«ጥላው ይመጣል» አለች ነጋዴዋ ላቧን እየጠረገች። «ትኬት ቆራጯ ለእናቴ ነግራታለች። አገር ምድሩን የዞረች ሴት ናት አሉ።»

«እናትሽስ ጥላ አገኘች?»

«ኧረ ፊቷ ተልጦ ነው የገባችው። ግራና ቀኜን ተሳስቼ ይሆናል አለች እንጂ ሴትዮዋን አልጠረጠረችም።»

እትዬ ካርታ ጃንጥላቸውን ዘርግተው ነጋዴዋንም ጭምር ሸፈኑ። ሹፌሩ በመስተዋቱ አያቸው።

«እትዬ ካርታ፣ ምነው ጃንጥላ? ግራው ጥላ አልነበረም እንዴ?»

ያንኮራፉ የነበሩት በሳቅ ነቁ። ነጋዴዋ ቀስ ብላ ዞራ ከእግር እስከ ራሳቸው አየቻቸው።

«አንተ ታውቅ ኖሯል?» አሉ እትዬ ካርታ።

«ያላወቀ ማን አለ? ሲናገሩት ደስ ስለሚልዎ ነው ዝም ያልን።»

«ደግሞም» አለ ረዳቱ፣ «ሰው ሁሉ ወደ ግራ ሲሮጥ ለደንበኞቻችን ቀኙ ይተርፋል።»

እትዬ ካርታ ትራሳቸውን ብብታቸው ሥር ሸጎጡ። «ድልድዩ ጋ አውርደኝ። በምን አፌ እህቴ ፊት እቆማለሁ?»

ነጋዴዋ ቀሚሳቸውን ጨምድዳ ያዘች። «ይቀመጡ ባክዎ። እናቴን አቃጠሉ፣ እኔን አቃጠሉ፤ አሁን ደግሞ ጃንጥላውን ይዘው ሊወርዱ?»

ይህ ልክ ነበር። ተቀመጡ። ድልድዩ ላይ ደረሱ፤ ነፋስ የሚባል ዝር አላለም። ከኮረብታው ማዶ ያለው መንገድ ግን በእርግጥ ያንገጫግጫል፤ ጥርሳቸው እየተንቀጫቀጨ ፈገግ አሉ።

እህታቸው መናኸሪያው በር ላይ ቆማ ጠበቀቻቸው። አንዱ ጉንጫቸው እንደ በርበሬ ቀልቷል፤ ሌላው እንደ ወትሮው ነው።

«እትዬ፣ ግማሽ ፊትሽን ምን ነካው?»

«መንገዱን አወቅሁት» አሉ እትዬ ካርታ።

እህታቸው ሳቋን እየዋጠች ትራሱን ተቀበለቻቸው። «ስትመለሺስ በየት በኩል ልትቀመጪ ነው?»

እትዬ ካርታ መናኸሪያው ውስጥ የቆሙትን አውቶቡሶች ትክ ብለው አዩ። ግራቸው ጥላ ነበር።

«መጀመሪያ ዞሮ በሩን ይውጣ» አሉ።