ከወፍጮ ቤቱ በላይ የተቀዳ ድምፅ

ፍላሽ ከኮምፒውተር ላይ ሲነቀል ለብ ይላል። ብዙ ሰው ልብ አይለውም፤ ነቅሎ ኪሱ ውስጥ ይከተዋል። እኔ ግን መዳፌ ውስጥ ጨብጬ እስኪቀዘቅዝ እጠብቃለሁ። በቅርቡ ቡራዩ በማስተምርበት ኮሌጅ አንዲት ጀማሪ ተማሪ የቤት ሥራዋን በፍላሽ አመጣችልኝ። ስከፍተው አልከፈት አለ። ከፋይሉ ምልክት ጥግ ላይ ትንሽ የታጠፈች ቀስት አየሁ። መጠኑን ተመለከትኩ፤ ሁለት ኪሎ ባይት ብቻ። ፍላሹን ነቅዬ ያዝኩት። ለብ ብሏል። ወዲያውም የዱቄት ሽታ መጣብኝ፤ አዲስ የተፈጨ፣ ገና ያልበረደ የስንዴ ዱቄት።

ያ ሽታ የሰበታ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ የዩኒቨርሲቲ ምደባ በምጠብቅበት ጊዜ ወላጆቼ ከሱሉልታ ወደ አክስቴ ላኩኝ። አክስቴ ብቻዋን ስለምትኖር አብሬያት እንድሆን ነበር። እሷ ግን ቀኑን ሙሉ ሱቋ ውስጥ ነበረች፤ ቤቱ ውስጥ ብቻዬን የምውለው እኔ ሆንኩ። አመሻሹ ላይ ስትመለስ ከጎረቤቶች ጋር በኦሮምኛ ትሳሳቃለች፤ እኔ ከኋላዋ ቆሜ የበሩን መቀርቀሪያ እነካካለሁ። «አካም ጅርታ» ብለው ደህንነቴን ሲጠይቁኝ አንገቴን እሰብራለሁ። በአማርኛም በኦሮምኛም እሰማ ነበር፤ በሁለቱም ግን ዝም እል ነበር።

«ቤት ተቀምጠሽ ግድግዳ ከምታዪ ሄደሽ ኮምፒውተር ተማሪ» አለችኝ አንድ ቀን፤ ወስዳም አስመዘገበችኝ።

ማሠልጠኛው ከወፍጮ ቤት በላይ ነበር። በውጭ በኩል ባለ የብረት ደረጃ ይወጣል። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ መስኮቱ በዱቄት ብናኝ ስለሚሸፈን ከሰዓት በኋላ የሚገባው ብርሃን ወተት የተቀላቀለበት ይመስላል። ቁልፎቹን ስንነካ ጣታችን ነጭ ይሆናል። በርበሬ በሚፈጭበት ቀን አስተማሪያችን እያስነጠሰ፣ እኛም እየሳቅንና እያስነጠስን እንማራለን።

ኮምፒውተሮቹ አሮጌ ነበሩ፤ መብራት ሲቋረጥ የሚያቆያቸው ባትሪ አልነበራቸውም። ታች ወፍጮው ሲነሳ ደግሞ መብራቱ ለአፍታ ይደክምና ሁሉም ኮምፒውተር ጠፍቶ እንደ ገና ይነሳል። የጻፍነው ሁሉ ይሄዳል። መጀመሪያ ሰሞን አስተማሪውና የወፍጮው ባለቤት በዚህ ተጣልተው እንደነበር ሰምቻለሁ። እኔ ስደርስ ግን መላ አግኝተዋል። ባለወፍጮው ሁሉም ሰው ኦቦ የሚላቸው ሽማግሌ ነበሩ። ወፍጮውን ከማስነሳታቸው በፊት የደረጃውን ብረት በዱላቸው ሁለቴ ይመቱታል። ያን ጊዜ እኛ ያለንበትን ትተን ሴቭ እናደርጋለን። ጥቂት ይታገሱና ያስነሱታል። ወለሉ ከእግራችን ሥር መንቀጥቀጥ ይጀምራል፤ ስክሪኖቹም ይጠቁራሉ።

አንድ ኮምፒውተር ለሁለት ሰው ነበር። እኔ የደረሰኝ ከአንዲት የፈትል ፋብሪካ ሠራተኛ ጋር ነው። በዕድሜ ትበልጠኛለች። ከደቡብ መጥታ ከሌሎች ልጃገረዶች ጋር ክፍል ተከራይታ ትኖር ነበር። ከፈረቃዋ በቀጥታ ስለምትመጣ ቅንድቧ ላይና ጸጉሯ ላይ የጥጥ ብናኝ አይጠፋም። ከጎኔ ስትቀመጥ የማሽን ዘይትና የልብስ ሳሙና ትሸታለች። ፊደል እየፈለገች በአንድ ጣቷ ስትጽፍ ታንጎራጉራለች፤ በቤተ ክርስቲያኗ መዘምራን ውስጥ ነበረች።

በመጀመሪያው ቀን «ሰላም ነሽ እህቴ፣ ስምሽ ማነው?» አለችኝ። ነገርኳት። «አልሰማሁም» አለች። ደግሜ ነገርኳት። «ፋብሪካ ስለምውል ጆሮዬ ደንቁሮ ነው ወይስ አንቺ አልተናገርሽም?» ብላ ሳቀች።

ራምና ሃርድ ዲስክ የሚባሉትን የተማርንበት ቀን መብራት ሄዶ ነበር። አስተማሪያችን ወጣት ነው፣ ያለ ኮምፒውተር ማስተማር አይሆንለትም። ጥቂት አሰበና ሁላችንንም ይዞ ወደ ወፍጮ ቤቱ ወረደ። ኦቦ ጆንያ ላይ ተቀምጠው መብራቱን ይጠብቃሉ።

«ይሄ ጆንያ ሃርድ ዲስክ ነው» አለ አስተማሪው። «እህሉ እዚህ ተኝቶ ይቆያል። ለመፍጨት ሲፈለግ ግን ከጆንያው ተቀድቶ ወፍጮው አፍ ላይ ይደረጋል። አፉ ራም ነው። አፉ ሰፊ ከሆነ ብዙ ይይዛል፣ ሥራው ይፈጥናል። ጠባብ ከሆነ እየቆየ ነው የሚውጠው። ተፈጭቶ ሲያልቅ ዱቄቱን መልሶ ጆንያ ውስጥ መክተት፣ እሱ ሴቭ ማድረግ ነው።»

የኮምፒውተር ጓደኛዬ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ መብራት ሲሄድ አፉ ላይ ያለው እህል የት ይሄዳል? ይኸው እዚያው ተቀምጧል እኮ።»

አስተማሪው ወደ ወፍጮው አየ፤ አገጩን አከከ። «ኮምፒውተር እንደዚህ አይደለም። መብራት ሲሄድ አፉ ላይ ያለውን ሁሉ ይደፋዋል። የሚተርፈው ጆንያው ውስጥ የገባው ብቻ ነው።»

«እንግዲያው የእኔ ወፍጮ ይሻላል» አሉ ኦቦ።

«አዎ፣ ኦቦ፣ የእርስዎ ይሻላል።»

ዛሬም ተማሪዎቼን የማስተምረው በዚያው በወፍጮው ነው። የኮሌጁ መጽሐፍ ራምንና ሃርድ ዲስክን በጠረጴዛና በመሳቢያ ያስረዳል። እኔ ግን ጆንያና የወፍጮ አፍ እላለሁ፤ ይገባቸዋል።

ወደ ላይ ስንመለስ ጓደኛዬ ደረጃው ላይ ክንዴን ያዘችኝ። «አንቺ ጆንያ ነሽ» አለች። «ሁሉንም ሴቭ ታደርጊያለሽ፤ ከፍተሽ ግን ለማንም አታሳዪም።» ከዚያን ቀን ጀምሮ ዝምተኛዋ ትለኝ ነበር። ሌላ ሰው ቢለኝ ይከፋኝ ነበር። እሷ ስትለኝ ግን የቤት ስም ይመስል ነበር።

ቀጥሎ የተማርነው የፋይሎችን መጠን ነው። ጽሑፍ ትንሽ ቦታ እንደሚይዝ፣ ፎቶ ከዚያ እንደሚበልጥ፣ ድምፅም እየረዘመ ሲሄድ ቦታ እንደሚወስድ አስተማሪው ሊያሳየን ፈለገ። ማይክ ያለው ማዳመጫ ይዞ መጣና ተራ በተራ እንድንቀዳ አዘዘን። ወንዶቹ «ሃሎ፣ ሃሎ» ብለው ተሳሳቁ። አንዱ የታክሲ ረዳት መስሎ «ጦር ኃይሎች፣ ጦር ኃይሎች» እያለ ጮኸ። የእኛ ተራ ሲደርስ ጓደኛዬ ማይኩን ወደ እኔ አስጠጋች። ራሴን ነቀነቅሁ። አልገፋችበትም፤ ወደ ራሷ መልሳ ዘመረች።

በእናቷ ቋንቋ ነበር። አንድም ቃል አልገባኝም። መጀመሪያ ላይ ዝቅ ብላ፣ ለራሷ እንደምትናገር ሆና ጀመረች፤ ከዚያ ድምፁ እየሰፋ መጣ። ሲስቁ የነበሩት ወንበራቸውን ወደ እኛ አስጠጉ። መስኮቱ ላይ የነበረው ነጭ ብርሃን ጸጉሯ ውስጥ ካለው ጥጥ ጋር ተገናኝቶ ራሷ ዙሪያ ብናኝ ይበራ ነበር። እኔ እሷን ሳይ ስክሪኑን ረሳሁ።

ታች ዱላው ብረቱን ሁለቴ መታው።

እሷ ዓይኗን ጨፍናለች፤ አልሰማችም። መዝሙሩ ሊሄድ ነው፣ ሊደፋ ነው ብዬ ይመስለኛል፣ ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ «ሴቭ አድርጊው!» ብዬ ጮህኩ።

ክፍሉ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። በሕይወቴ እንደዚያ ጮሄ አላውቅም። እሷ ዓይኗን ገልጣ ሳቅ አመለጣት፤ እየሳቀች አስቆመችው፣ እየሳቀችም ስም ሰጥታ ሴቭ አደረገችው። ወዲያው ወለሉ ተንቀጠቀጠ፤ ስክሪኑ ጠቆረ። ተመልሶ እስኪነሳ ድረስ እጄን ይዛኝ ጠበቅን። ሲነሳ ፋይሉ አለ። ሦስት ሜጋ ባይት ገደማ። ስሙን በእንግሊዝኛ ፊደል «እኔና ዝምተኛዋ» ብላ ጽፋው ነበር።

ከፍተን ሰማነው። መዝሙሩ፣ ከሩቅ የዱላው ድምፅ፣ ከዚያ የእኔ ጩኸት፣ በመጨረሻም የሳቋ መጀመሪያ። እዚያ ላይ ይቆማል።

በቀጣዩ ሳምንት አስተማሪው ፋይል ፍለጋ ጊዜ እንዳናባክን ሾርትከት መሥራት አሳየን። ሾርትከት ማለት ፋይሉ ራሱ አይደለም፤ ፋይሉ ያለበትን ቦታ የሚያመለክት ምልክት ነው። ፋይሉ ሌላ ቦታ ይቀመጣል፣ ምልክቱ ከፊት ለፊት ይሆናል። ጓደኛዬ የመዝሙሩን ሾርትከት ስክሪኑ መካከል አስቀመጠችው። ከትምህርት በፊት አንዱን ማዳመጫ እሷ፣ አንዱን እኔ ጆሯችን ላይ አድርገን እንሰማው ጀመር። እኔ መዝሙሩን እጠብቃለሁ። እሷ ደግሞ ጩኸቴን ትጠብቅና በክርኗ ትጎስመኛለች።

ከዚያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የፋብሪካ ልብሷን ሳትለብስ መጣች። ጸጉሯ ላይ ጥጥ አልነበረም።

«እናቴ ታማለች» አለች። «ታላቅ እኔ ነኝ። ነገ እሄዳለሁ።»

አክስቴ የገዛችልኝን ፍላሽ ከቦርሳዬ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ገባት። ማውዙን ልይዝ ስል እጄን መለሰችው። «ተዪ፣ እኔ ራሴ ልገልብጥልሽ። ተምሬ የለም እንዴ?» ከስክሪኑ መካከል ምልክቱን አንስታ ጎትታ ፍላሹ ላይ ጣለችው። ወዲያው ጨረሰ።

«ጎበዝ ፍላሽ ነው» አለች።

ከፍላሹ ላይ ከፈትነው። ተከፈተ። መዝሙሩ፣ ዱላው፣ ጩኸቱ፣ ሳቁ፣ ሁሉም ነበር። «ስናፍቅሽ ክፈቺኝ» አለችኝ። ነቅላ እጄ ላይ ስታስቀምጠው ለብ ብሎ ነበር። በብረት ደረጃው ወርደን እስከ ታክሲው ድረስ ሸኘኋት። መስኮቱን ከፍታ አንድ ነገር አለችኝ፤ ከወፍጮው ድምፅ የተነሳ አልሰማሁትም። እንደሰማ ሰው ግን ራሴን ነቀነቅሁ።

አክስቴ ቤት ኮምፒውተር አልነበረም። ማሠልጠኛውም ኮርሱን ጨርሶ ተዘጋ። ፍላሹን ትራሴ ሥር አኖርኩት፤ አለ ብዬ አምን ስለነበር አልቸኮልኩም። ምደባዬ ሩቅ አገር ሆነ። ዩኒቨርሲቲ እንደገባሁ፣ ማንንም በማላውቅበት በዚያ የመጀመሪያ ሳምንት፣ ቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒውተር ላይ ሰካሁት። ከፈትኩት። ይህ ምልክት የሚያመለክተው ፋይል ሊገኝ አልቻለም የሚል ጽሑፍ መጣ። ቀስቷን ያን ጊዜ ነው ያየኋት። ሰበታ ላይ የተከፈተልን ፍላሹ መዝሙሩን ስለያዘ አልነበረም፤ እዚያው ኮምፒውተሩ ውስጥ ወዳለው መዝሙር እየመራን ኖሯል።

ደወልኩላት። ስልኳ አይሠራም። ደግሜ ደጋግሜ ሞከርኩ፤ ዛሬም አልፎ አልፎ እሞክራለሁ።

ለእረፍት ስመለስ ከመናኸሪያ በቀጥታ ወደ ወፍጮ ቤቱ ሄድኩ። ደረጃው ላይ ያለው በር ተቆልፏል። ኦቦን ታች፣ ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ቆመው ጆንያ ሲያራግፉ አገኘኋቸው።

«ኮምፒውተሮቹ የት ሄዱ፣ ኦቦ?»

«ሸጣቸው፣ ልጄ። ያ አስተማሪ አጥቦ ሸጣቸው።»

አጥቦ ያሉት ምን እንደሆነ ገባኝ። የአስተማሪውን ቁጥር ሰጡኝ፤ እዚያው ቆሜ ደወልኩለት። «ፎርማት አድርጌ፣ ውስጣቸው ያለውን ሁሉ አጥፍቼ ነው የሸጥኳቸው፤ ምነው፣ የረሳሽው ነገር ነበር?» አለኝ። «አይ፣ ምንም» አልኩት።

አንዲት ሴት ስንዴዋን ይዛ መጣች። ኦቦ ተቀብለዋት ወፍጮው አፍ ላይ ገለበጡት። ከዚያ ዱላቸውን አነሱና የደረጃውን ብረት ሁለቴ መቱት።

«ላይ ሰው አለ እንዴ?» አልኳቸው።

ዱላቸውን አዩት። «የለም» አሉ። «እጄ ለምዶ ነው።»

ትንሽ ታግሠውም ወፍጮውን አስነሱት።

ዜማውን አስታውሰዋለሁ፤ ቢያንስ ይመስለኛል። ቶሎ ቶሎ ግን አላንጎራጉረውም። ባንጎራጎርኩት ቁጥር አንድ ቦታ ላይ ይለወጥብኛል፤ የቱ የእሷ እንደሆነ፣ የቱ የእኔ እንደሆነ መለየት እያቃተኝ ነው።

የቤት ሥራዋን በፍላሽ ያመጣችልኝን ተማሪ ከክፍል በኋላ አስቀረኋት። ቀስቷን አሳየኋት። «ያመጣሽው ምልክቱን ነው። ዋናው ፋይል የት ነው ያለው?»

«ሱሉልታ፣ ሰፈሬ ባለ የጽሕፈት አገልግሎት ሱቅ ኮምፒውተር ላይ።»

«ሄደሽ ዋናውን ገልብጪው።»

«ቅዳሜ እሄዳለሁ፣ ቲቸር።»

«ዛሬ ሂጂ።»

«ቲቸር፣ የቤት ሥራ እኮ ነው። እንደገና እጽፈዋለሁ።»

«አውቃለሁ። ዛሬ ሂጂ።»

ቀና ብላ አየችኝ። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር መሰለኝ። ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች፤ በመስኮቱ ስመለከት ግቢውን በፈጣን እርምጃ ስታቋርጥ አየኋት።

የራሴን ፍላሽ ከቁልፎቼ መካከል አውጥቼ ሰካሁት። «እኔና ዝምተኛዋ» ይላል፤ ጥግ ላይ ቀስቷ አለች። አልከፈትኩትም፤ አላጠፋሁትምም። ነቅዬ መዳፌ ውስጥ ያዝኩት፣ እስኪቀዘቅዝም ቆየሁ። ኮምፒውተሮቹን ተራ በተራ ዘጋሁ። ዋናውን ማጥፊያ ከመጫኔ በፊት ባዶውን ጠረጴዛ በጣቴ መገጣጠሚያ ሁለቴ መታሁት፤ ትንሽም ታገሥኩ።