የግንበኛው የምንዋጋው ዕረፍት

ምንዋጋውን ሰቆጣ ውስጥ ቁጭ ብሎ ያየ ሰው ካለ፣ ወይ ቅዳሴ ላይ ስብከት ሲሰማ ነው፣ ወይ እግሩን እሾህ ወግቶት ሲያስነቅል ነው። ሙያው ግንበኝነት ነው። ሌሎቹ ግንበኞች ምሳ ሊበሉ ከካቡ ሲወርዱ፣ እሱ ጉርሻውን በአንድ ጉንጩ ይዞ ድንጋይ ይጠርባል። እሑድ ግን አይሠራም፤ እግዜርን የሚፈራ ሰው ነው። እሑድ የሚያደርገው በሰው አጥር ሥር መዞር ብቻ ነው፤ ከካብ የወለቀች ድንጋይ ካየ፣ ግራ ቀኙን ቃኝቶ፣ «ይቺ እንኳ ሥራ አትባልም» ይልና ወደ ቦታዋ ይመልሳታል።

ሚስቱ ይታየሽ ሳቂታ ናት። ሁለቱም ደሃና በሚባል አገር ተወልደው፣ ሰቆጣ ገብተው፣ ልጆች አሳድገው፣ የመጨረሻዋን ልጃቸውን ወደ ጽጽቃ ድረው ጨርሰዋል። ቤቱ ጭር ሲል ይታየሽ ባሏን አሁን ገና ልታየው ፈለገች፤ እሱ ግን የለም፤ ከአንዱ ግድግዳ ላይ ነው።

ታዲያ በዚያ ዓመት፣ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳዎቹ ሊያልቁ ገደማ፣ የምንዋጋው ወገብ እምቢ አለ። ጎንበስ ብሎ ድንጋይ ካነሣ ቀና የሚያደርገው ሰው ያስፈልግ ጀመር። ይታየሽ እየጎተተች ጤና ጣቢያ ወሰደችው። እዚያ ያለው ድሬሰር ከሸዋ የመጣ ወጣት ነበር። ወገቡን መታ መታ አድርጎ፣ «አባቴ፣ የሚያስፈልግዎት መድኃኒት አይደለም። ዕረፍት ብቻ ነው» አለው።

ምንዋጋው ፊቱ አመድ መሰለ። እሱ የሚያውቀው «አረፈ» የሚባለው ሰው ተገንዞ ሲያልቅ ነው።

«ልጄ፣» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ይህን ያህል ነው እንዴ የቀረኝ?»

ይታየሽ ሳቋን ልትውጥ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቀጠቀች። ድሬሰሩ የሚያስቀው ነገር ስላልገባው ደግሞ አስረዳ፤ «ሥራ ይተዉ፣ ይተኙ፣ ይዝናኑ።» ምንዋጋው ከጤና ጣቢያው ሲወጣ የበሩን መቃን በመዳፉ ዳበስ አድርጎ፣ «ማነው ይህን ያጣመመው?» አለ።

ለጥምቀት የይታየሽ ታናሽ ወንድም ወርቅአገኘሁ ከአስመራ መጣ። የፋብሪካ ሠራተኛ ነው፤ ጫማው ያበራል። ነገሩን ሲሰማ ጭኑን መታ።

«ጋሼ፣ መፍትሔው እኔ ዘንድ ነው። እትዬን ይዘው ይምጡ። ማታ ማታ አስመራን ትንሸራሸራላችሁ፤ ከዚያ ምጽዋ ወርዳችሁ ባሕሩ ዳር አሸዋ ላይ ትጋደማላችሁ።»

«ተጋድመንስ?»

«ትነሣላችሁ።»

«ከዚያስ?»

«መልሳችሁ ትጋደማላችሁ።»

ምንዋጋው በሐዘን አየው። «ይህንንማ በሽተኛ ቤቱ ሆኖ ያደርገው የለም? ለዚህ ብሎ ቆላ የሚወርድ ምን የነካው ነው?»

«እኔ እሄዳለሁ» አለች ይታየሽ። «አንተ ከፈለግህ ድንጋይህን ታቅፈህ ቅር።»

ምንዋጋው በቅሎ ፍለጋ ወጣ። ሚስቱ ስትስቅ እንጂ ኮስተር ስትል አይከራከራትም።

እስከ ኮረም በበቅሎ ሄዱ። አውቶቡስ ሊሳፈሩ ሲሉ ይታየሽ የስንቁ ከረጢት ለምን እንደከበደ ልታይ ፈታችው። ከበሶው ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ መዶሻ ወጣ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ወንድ ልጅ ያለ መሣሪያ መንገድ አይወጣም።»

«መሣሪያ የሚባለው ጠመንጃ ነው፤ ይሄ መዶሻ ነው» ብላ ያደሩበት ቤት አደራ አስቀመጠችው። ምንዋጋው የአላጌ ተራራ እስኪታለፍ ድረስ አላናገራትም። ከዚያ በኋላ ግን የመንገዱ ጠርዝ ላይ የተካበው ድንጋይ እያማረው ሄደ፤ ኩርፊያውንም ረሳው።

አስመራ በደረሱ ማግስት፣ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ወርቅአገኘሁ ሁለቱንም አስለብሶ ወደ ትልቁ ጎዳና አወጣቸው። ሰዉ ጎዳናውን ሞልቶ ወደ ታች ይወርዳል፤ ወርዶ ሲያበቃ መልሶ ይወጣል። ሸክም የያዘ የለም፤ በቅሎ የሚጎትት የለም።

«የት ነው የሚሄደው ይሄ ሁሉ ሕዝብ?» አለ ምንዋጋው።

«የትም።»

«ለቅሶ ነው?»

«አይ ጋሼ! መንሸራሸር ነው።»

ምንዋጋው ግን ጨዋ ሰው ነው፤ በሰው ፊት ዝም ብሎ ማለፍ አላደገበትም። ያገኘውን ሁሉ ባርኔጣውን እያነሣ፣ እጅ እየነሣ፣ «እንደምን አመሻችሁ» ይል ጀመር። አንገቱ እስኪዝል ሰላምታ ሰጠ። መንገዱ አልቆ ሲመለሱ ያው ሰዎች ደግመው መጡ፤ ደግሞ ሰላም አላቸው። ለሦስተኛ ጊዜ ሲገናኙ አንድ ሽማግሌ ጣልያን ባርኔጣውን ቀድሞ አነሣለት። ከዚያ ወዲያ ወጣቶቹም ሳቅ እያሉ አጎንብሰው ያልፉት ጀመር።

«አየሽ፣» አላት ይታየሽን፣ «አገሩ ሰው ያውቃል። የሚያስተምረው አጥቶ ነው እንጂ።»

ከዚያ ሙዚቃ ወዳለበት ቡና ቤት ገቡ። መብራቱ ቀይና አረንጓዴ ነው፤ ጥግ ላይ አንዱ አኮርዲዮን ይጫወታል፣ ሌላው ከበሮ ይመታል። አንዲት ቀጭን ሴት ከአንድ ወፍራም ሰው ጋር ተያይዛ ትሽከረከራለች። ምንዋጋውና ይታየሽ ቢራቸውን ይዘው፣ የሚሰማቸው እንደሌለ አምነው፣ በአገራቸው ቋንቋ በኽምጣኛ ሐሜታቸውን ጀመሩ። ምንዋጋው ሰውየው የሴቲቱን እግር ስንት ጊዜ እንደሚረግጠው ተናገረ። ይታየሽ ደግሞ የገንዘብ ተቀባይዋን ፀጉር አይታ፣ «ይቺ ደግሞ ጉሬዛ ራሷ ላይ አስቀምጣ ነው እንዴ የመጣች?» አለች።

ገንዘብ ተቀባይዋ ከባንኮኒው ወጥታ መጣችና፣ በጠራ ኽምጣኛ፣ «ጉሬዛ አይደለም እናቴ፤ እኛ የፃግብጂ አገር ሰዎች ፀጉራችን ከተፈጥሮው ብዙ ነው» አለቻት።

ይታየሽ የምትገባበት ጉድጓድ አጣች። ምንዋጋው ቢራውን ትን ብሎት እስኪያለቅስ ሳቀ። ሴትዮዋ አመተ ማርያም ትባላለች፤ ካገሯ ከወጣች ብዙ ዓመቷ ነው። ቋንቋዋን በሰው አፍ ከሰማች መቆየቷን ነግራቸው፣ አጠገባቸው ወንበር ስባ ተቀመጠችና፣ «እስቲ ደግሞ ሌላውን ሰው እሙልኝ» አለቻቸው። አሙላት። በመጨረሻ ለሙዚቀኞቹ አንድ ነገር በጆሯቸው ተናግራ ተመለሰች። የከበሮው አመታት ተለወጠ፤ የአገር ቤት ምት ሆነ። ምንዋጋው ወገቡን ያመዋል፤ ወገቤን እንጂ ትከሻዬን ያመኛል አላለም። ተነሣ። ቡና ቤቱ ክብ ሠርቶ አጨበጨበለት። ይታየሽ ባሏ ሲጨፍር ያየችው በሠርጋቸው ዕለት ብቻ ነበር፤ ያን ጊዜም ተሸፋፍና ስለነበር ደኅና አድርጋ አላየችውም።

በማግስቱ በባቡር ወደ ምጽዋ ወረዱ። ባቡሩ በገደል አፋፍ እየተጠማዘዘ ሲወርድ ተሳፋሪው ሁሉ ሸለቆውን ያያል፤ ምንዋጋው ግን አንገቱን በመስኮት አውጥቶ የድልድዩን ድንጋይ ያያል። ይታየሽ የኮቱን ጫፍ ይዛ ተቀመጠች። ወርቅአገኘሁ ሥራ ስለነበረው አልተከተላቸውም፤ የሚያርፉበትን ቤት ግን ቀድሞ አስይዞላቸው ነበር። ቤቱ የአንዲት የምጽዋ ባልቴት ነው፤ ሌሊት ሰገነት ላይ የገመድ አልጋ ታነጥፍላቸዋለች።

ባሕሩ ዳር በደረሱ ጊዜ ቀድማ የሄደችው ይታየሽ ናት። ቆመች፤ አየች፤ ከዚያ ጫማዋን አውልቃ ቀሚሷን ሰብስባ እስከ ጉልበቷ ገባች። ጣቷን ነክራ ቀመሰች።

«አንተ ምንዋጋው! ይሄ ሁሉ ጨው ነው! ሰው በየበረሃው በግመል ሲጉላላ፣ ይሄ እዚህ ዝም ብሎ ተኝቷል!»

ምንዋጋው አሸዋው ላይ ቆሞ ቀረ። በዙሪያው ሰው ራቁቱን ለመሆን ትንሽ ቀርቶት ተጋድሟል፤ ዓይኑን የሚያሳርፍበት ቢያጣ ሰማይ ሰማዩን አየ። ቁጭ አለ። ተነሣ። አሁንም ቁጭ አለ። ነፋሱ አሸዋ እያነሣ ይታየሽን ሲመታት ግን ምክንያት አገኘ።

«ይቺ ሴት በነፋስ ልትጎዳ ነው» አለ ለራሱ፣ እና ድንጋይ ፍለጋ ሄደ።

የባሕር ድንጋይ ቀላል ነው፤ ቀዳዳ ቀዳዳ ነው፤ ግን ይያያዛል። መዶሻ ባይኖረውም ድንጋይን በድንጋይ እየመታ፣ ፀሐይዋ አናት ላይ ስትደርስ ወገብ የሚደርስ ካብ አቆመ። ማዕዘኑ ልክ ነው። የተጋደሙት ሰዎች ቀና እያሉ አዩት። ይታየሽ ከካቡ ጥግ ተቀምጣ፣ «ለስንት ቀን መጥተን ነው ቤት የምትሠራልኝ?» አለችው።

«የነፋስ መከላከያ ነው። ሥራ አትባልም ይቺ።»

ከሰዓት በኋላ ባሕሩ ቀስ እያለ መጣ። ምንዋጋው መጀመሪያ ቀልድ መሰለው። ቀጥሎ ውኃው የካቡን እግር ነካ። አሸዋው ከሥር ሲሸሽ ማዕዘኑ ዘመም አለ፤ ከዚያ አንድ ሞገድ መጥቶ ሁሉንም ዘርግፎት ተመለሰ።

«ተው እንጂ!» ብሎ ጮኸበት ምንዋጋው፤ ለባሕሩ ነው። «ያለቀለት ካብ እኮ ነበር!»

ይታየሽ ሳቀች። ሆዷን ይዛ አሸዋው ላይ ተንከባለለች። ምንዋጋው በዚህ ሁሉ ዕድሜው የካበው ሲፈርስ አይቶ አያውቅም፤ ሊቆጣ አሰበና የሚቆጣውን አጣ። ድንጋዩን ሊሰበስብ ጎንበስ ሲል ወገቡ እምቢ አለ። ይታየሽ እጁን ይዛ አስተኛችው፤ ሙቁን አሸዋ በእፍኟ እየዛቀች ወገቡ ላይ ከመረችበት።

«እንዲህ ነው የሚደረገው፤ ባልቴቷ ነግራኛለች። ዝም በል አሁን።»

አገጩን በክንዱ ላይ አሳርፎ ባሕሩን ያይ ጀመር። ባሕሩ ይመጣል፣ ይሄዳል። የሚሠራው የለም፣ የሚያፈርሰው ግን አያጣም። ምንዋጋው ይህንን እያሰበ እንቅልፍ ወሰደው። ሲነቃ ፀሐይዋ ዘቅዝቃለች፤ ይታየሽ አጠገቡ ተቀምጣ ሎሚ ትልጣለች። ለመጀመሪያ ጊዜ «ምን ልሥራ» ሳይል፣ «ፊትሽ እኮ በጣም ጠቆረ» አላት።

«ያንተስ? ሰቆጣ የሚያውቅህ ያለ አይመስለኝም።»

አንድ ሳምንት ብለው ሄደው ሁለት ሰነበቱ። ይህ ነው ጣጣ ያመጣው። ወርቅአገኘሁ ዘመድ እንዳይጨነቅ ብሎ፣ ወደ አገሩ ለሚመለስ ደሴ ለሚባል ማር ነጋዴ፣ «ጋሼ ምንዋጋው ምጽዋ አርፈዋል፣ ደኅና ናቸው፣ ይቆያሉ በልልኝ» ብሎ መልእክት ሰጠው። ደሴ ኮረም ላይ ሥራ ስለያዘው መልእክቱን ለሌላ አስተላለፈ። ያኛው ሰቆጣ የገባው በገበያ ቀን ነው፤ በገበያ ጫጫታ «ደኅና ናቸው» የሚለው ጠፋና «ምንዋጋው ምጽዋ አረፈ» የሚለው ብቻ ተሰማ። ከሰዓት ሲሆን «ባሕር በላው» ሆነ። ማታ ደሃና ደረሰ።

ባልና ሚስቱ ከኮረም በበቅሎ ተነሥተው፣ መዶሻውንም ከአደራ ተቀብለው፣ ሰቆጣ ሲገቡ ደጃቸው ላይ ሰው ተሰብስቦ አዩ። ሁሉም ነጠላውን ለሐዘን አዘቅዝቋል።

«ማን ሞቶብን ነው?» አለ ምንዋጋው፣ ደንግጦ ከበቅሎው እየወረደ።

ከመካከል የታላቅ እኅቱ የወለተ ሚካኤል ድምፅ ይወጣል፤ ደረቷን እየመታች፦

«የሰው ቤት ሲገነባ ዕድሜውን የፈጀ፣
ባሕር ሥር ቤት ሠርቶ እኔን በእሳት ፈጀ።»

ምንዋጋው እንባው መጣ። የማን ለቅሶ እንደሆነ ሳይገባው፣ ሙሾው ብቻ ሆዱን አባብቶት፣ ጥግ ይዞ ቁጭ ብሎ ማልቀስ ጀመረ። አጠገቡ የነበሩት ቄስ ገብረ አምላክ አጽናናለሁ ብለው ዞር ሲሉ፣ የጠቆረውን ፊት ትክ ብለው አዩና መስቀላቸውን አወጡ። «በስመ አብ! ምንዋጋው ነህ ወይስ ሌላ ነገር ነህ?»

«እኔ ነኝ አባቴ። ማነው የሞተው?»

«አንተ ነሃ!»

ወለተ ሚካኤል ሰው ገፍታ መጣች። መጀመሪያ በጥፊ አለችው፤ ቀጥሎ አንገቱን አቅፋ ሳመችው፤ ከዚያ ደግሞ በጥፊ አለችው።

«ጉሮሮዬ እስኪዘጋ ያለቀስሁልህ፣ አንተ ምን ስትሠራ ነው?»

«ተኝቼ፣ እታለም።»

ለለቅሶው የተቀቀለው ንፍሮ ተበላ፤ ድንኳኑም ሳይፈርስ አንድ ቀን ተጨፈረበት። ሴቶቹ ይታየሽን ከበው፣ «እስቲ ንገሪን፤ ይህን ያህል ቀን ምን ሠራችሁ?» ቢሏት፣ «ምንም» አለቻቸው። አላመኗትም። ሰው ምንም ላለመሥራት ባሕር ድረስ አይሄድም ብለው፣ ምንዋጋው ምጽዋ ላይ የሚከራይ ቤት ሠርቶ መጥቷል የሚል ወሬ አወጡ።

ወለተ ሚካኤል ግን ወደ ደሃና ቶሎ አልተመለሰችም። በሦስተኛው ቀን ጉልበቷን እያሻሸች መጥታ ይታየሽ አጠገብ ተቀመጠች።

«ውኃው ሙቅ ነው አልሽኝ?»

«ሙቅ ነው።»

«አሸዋውስ?»

«እሱማ ይብሳል።»

በተከታዩ ዓመት ጥምቀት ሲያልፍ፣ ኮረም ላይ ሦስቱም ተሳፈሩ። ምንዋጋው በሁለቱ ሴቶች መካከል ተጨምቆ ተቀመጠ። እኅቱ ገና አውቶቡሱ ሳይነሣ፣ «ባሕሩ የቀረው ስንት ነው?» ማለት ጀምራለች።