ለራሴ ሁለት የሰጠሁበት ፎርም

ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ከአገር በወጣሁበት ሌሊት ቤታችን የተኛ ሰው የለም፤ ሊነጋጋ ሲል ከደጋዋ አገሬ ከሙጃ ስወጣ ያሳደጉኝ አክስቴ እታገኝ በሶ ቋጥረውልኝ በር ላይ ያዙኝ።

«ልጄ፣ አለቃሽ ሲናገር ዓይን ዓይኑን አትይ። ሥራሽን ሰው ያመስግነው እንጂ አንቺ አፍሽን አታንሺበት። ስትጨርሺ ደግሞ ጎንሽ ያለችውን አግዣት» አሉኝ። ከበሶው ጋር ይህንንም ቋጥሬ ዱባይ ገባሁ።

ኧረ ሙቀቱ! እናንተ አገር ቤት በሐምሌ ጋቢ ደርባችሁ ስትንቀጠቀጡ፣ እዚህ ከቧንቧው የሚወርደው ውኃ ሻይ ያፈላል። የምሠራበት ሆቴል ውስጥ ግን ኤሲው የሙጃን ውርጭ ያስንቃል። ሥራዬ ክፍል ማጽዳት ነው፤ ሃውስኪፒንግ ይሉታል። ሱፐርቫይዘራችን ሚስ ሊና የምትባል ፊሊፒናዊት ናት፤ አጭር፣ ፈጣን፣ ኮቴዋ የማይሰማ።

በዓመቱ የሥራ አፈጻጸም ፎርም መጣ። ከአንድ እስከ አምስት መጀመሪያ ራስሽ ትሞያለሽ፣ ከዚያ እሷ። ከሦስት በታች ያገኘች ኮንትራቷ አይታደስም፤ ወደ አገሯ ነው። ይህንን እያወቅሁ ለፍጥነት ሁለት፣ ለጥራት ሁለት፣ ለትጋትም ሁለት ጻፍኩ። ለራሴ አምስት ልበል ብል እጄ አልታዘዝ አለኝ።

አብራኝ የምትሠራውና የምታድረው ጀሚላ፣ የመርሳ ከተማ ልጅ፣ ፎርሜን አይታ ጮኸች። «ወላሂ ጤና የለሽም! እኔ ሁሉንም አምስት ነው የሞላሁት።»

«ሰዓት ማክበርም? ትናንት አርፍደሽ?»

«መምጣቴስ አይቆጠርም?»

በማግስቱ ሚስ ሊና ጠራችኝ። «ራስሽ ሁለት ካልሽ እኔ ምን ልበል?»

መሬት መሬት አየሁ።

«ይኸው! ሳናግርሽ ምንጣፍ ታያለሽ። ምን ደብቀሽ ነው?»

«ከአክብሮት ነው።»

«ምንጣፉን ነው የምታከብሪው? ከሰዓት በኋላም ስመጣ ፎቅሽ ላይ የለሽም። የት ነው የምትተኚው?»

መተኛት ስትለኝ ግን ደሜ ፈላ፤ ቀና አልኩ። «ክፍሎቼን ጨርሼ ጀሚላ ፎቅ ወርጄ አግዛታለሁ። በአገሬ ወንፈል ይባላል። ዛሬ የአንዷ ማሳ ይታጨዳል፣ ነገ የሌላዋ። የራሱን ጨርሶ የሚቀመጥ የለም።»

ሚስ ሊና መዝገቧን አየች፣ እኔን አየች። «እኔ እኮ ጀሚላን ፈጣን ናት ብዬ አምስት ሰጥቻታለሁ!» ብላ ሳቋን ለቀቀችው። ከዚያ አዲስ ፎርም ዘረጋችልኝ። «ሠላሳ ሴት ነው የምቆጣጠረው። ያንቺን ሥራ በቀን አምስት ደቂቃ ባይ ነው። ያላየሁትን ካልነገርሽኝ ከየት ላምጣው?»

በዚያ የኤሲ ብርድ ላብ እያጠመቀኝ አራት አራት ሞላሁ።

«አምስት አይሆንም?» አለችኝ።

«አራቱም ያሳፍራል።»

ኮንትራቴ ታደሰ። ጀሚላም አምስቷን ይዛ ቀረች፤ እስከ ዛሬ ትጎርርብኛለች።

እሑድ ለአክስቴ ደወልኩ። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው።

«አክስቴ፣ ራሴን አመሰገንኩ።»

«አላፈርሽም?»

«አፍሬያለሁ።»

«ሴትዮዋስ አመነችሽ?»

«አመነችኝ።»

በሚቀጥለው የገበያ ቀን አክስቴ ቅቤያቸውን ይዘው ሙጃ ገበያ ተቀመጡ አሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ «እንዴት ነው ቅቤው?» ሲባሉ «ምንም አይልም» ብለው ነበር የሚመልሱት። ያን ቀን የመጀመሪያዋ ገዥ ጎንበስ ስትል ዓይን ዓይኗን አዩዋትና «ከዚህ ገበያ የኔን የሚያህል ቅቤ የለም» አሏት።