የታደሰን ማብሪያ ይዤ፦ ከሰበታ እስከ ሱሉልታ

ሰበታ፣ ጠዋት

በጃንሆይ ዘመን ነው። ባለቤቴ ታደሰ ባረፈ በዓመቱ መኪናውን ልሸጥ ከሰበታ ተነሣሁ። እኔ መንዳት ስለማልችል መሪውን የያዘው ወንድሜ ግርማ ነው። ገዢው፣ የሱሉልታው እህል ነጋዴ ኦቦ ቶሎሳ፣ አስቀድመው አይተዋት «መኪናዋ ደህና ናት፤ ማብሪያዎቿ ግን ተበልተዋል። አሳድሰሽ አምጪልኝ» ብለውኛል። ስለዚህ መጀመሪያ ቡራዩ ወዳለው ጋራዥ ነው የምንሄደው።

እውነታቸውን ነው። ከመሪው ጎን የተደረደሩት ጥቁር ማብሪያዎች ምልክታቸው ጠፍቷል። የፊት መብራቱ ማብሪያማ መሐሉ ጎድጉዷል፤ ታደሰ በጅማ መንገድ ሲመላለስ በአውራ ጣቱ የቆፈረው ነው። መኪናዋ ትሂድ፤ ይህን ግን ለሰው ልስጥ ብል ሆዴ እምቢ አለኝ።

ቡራዩ

አዲስ አበባን አቋርጠን የአምቦን መንገድ ያዝን። ግርማ ቆሎ እየቆረጠመ «መኪና ነው የምንሸጠው ወይስ ልጅ የምንድረው?» እያለ አሾፈብኝ።

መካኒኩ ከማል አሮጌዎቹን አንድ በአንድ ፈንቅሎ አዲሶቹን ገጠመ። የፊት መብራቱን አሮጌ ማብሪያ ሊወረውር ሲል እጁን ያዝኩት።

«እትዬ፣ ይኼ ደግሞ ምን ያደርግልዎታል?»

«አንተ ስጠኝ ብቻ።»

ነጠላዬ ጫፍ ላይ ቋጠርኩት።

ሱሉልታ

እንጦጦን ስንወጣ ጉም ተጫነን። ግርማ አዲሱን ማብሪያ ሲጫነው መብራቱ ቦግ አለ። እዚህ ስንደርስ ታደሰ ሁልጊዜ «የሱሉልታ ወተት ሸተተኝ» ይል ነበር። ናፈቀኝ፤ በጣም ናፈቀኝ።

ኦቦ ቶሎሳ «አካም ጅርቱ! ግቡ፣ ግቡ» ብለው እርጎ አስቀዱልን። ከዚያ መኪናዋ ውስጥ ገብተው ሁሉንም እየተጫኑ ሞከሩ። ሲወጡ ዓይናቸው ነጠላዬ ላይ አረፈ።

«ምን ቋጥረሽ ነው? የመኪናዋ ዕቃ ከሆነ እኔ የምገዛው ሙሉዋን ነው።»

ውሸት አልመጣልኝም። ፈትቼ አሳየኋቸው። «የባለቤቴ ጣት የበላው ነው። ይህን ከሚወስዱብኝ ሽያጩ ይቅር» አልኳቸው። ግርማ በክርኑ ጎሸመኝ።

ሽማግሌው ጉድጓዱን በጣታቸው ዳበሱት።

«ሀዬ! ልጄ፣ ላም ስትሸጥ ገመዷ ሻጩ ቤት ይቀር የለም እንዴ? ገዢ የራሱን ገመድ ይዞ ነው የሚመጣው። ይኼ ገመድሽ ነው።»

እጄ ላይ መልሰው ጣቶቼን አጠፉልኝ። እንባዬን መያዝ አቃተኝ።

ወደ ቤት

በአውቶቡስ ተመለስን። አጥሩ ሥር፣ መኪናዋ ትቆምበት በነበረው ቦታ፣ ዘይት የጠጣ መሬት ብቻ ቀርቷል። ጠዋት ስነሣ ታደሰንም አብሬ የምሸጥ መስሎኝ ነበር። ለካ ለሻጭም የሚቀርለት ነገር አለ፤ ይህን ከሱሉልታ ተምሬ መጣሁ።

ደጃፉ ላይ ቁጭ ብዬ አውራ ጣቴን ጉድጓዱ ውስጥ ከተትኩ። የእሱ ጣት ሰፊ ነበርና የእኔ ገብቶ ቦታ ተረፈው።