አሜን ያላልንበት ስብሰባ

የዚያን ቀን በትምህርት ቤቱ አዳራሽ የነበርነው ልጄ፣ ሾፌሯ፣ ቃለ ጉባኤ የሚይዘው የቀበሌው ጸሐፊ፣ የሚመርቁት ሽማግሌ ቄስ፣ ጎረቤቴ፣ ሦስት አግዳሚ የሞሉ ገበሬዎችና እኔ እናቷ ነን።

ልጄ ሽንዲ ከተማ አስተማሪ ነበረች። ተመርጣ ፓርላማ ስትገባ፣ ከአራተኛ ክፍል ያቆምኩት እኔ ሥራዋን ያወቅሁት በቴሌቪዥን ነው። ስለ ማዳበሪያ ልትጠይቅ ስትነሣ፣ የተሰጣት ደቂቃ እንዳያልቅባት ትንፋሼን እይዝ ነበር። ክረምት ምክር ቤቱ ሲዘጋ ወደ መረጣት ሕዝብ ትመጣለች። ሰዉም ስለ ድልድዩ፣ ስለ ጤና ጣቢያው አዋላጅ ያፋጥጣታል። ጎረቤቴማ፣ ቴሌቪዥን ላይ ቀጥነሻል፣ ፓርላማ ምሳ አያበላም ወይ እያለች ታሾፍባት ነበር።

ዘንድሮ መንገዱ በታጣቂዎች ምክንያት ስለሚያሰጋ አትምጪ ብያት ነበር። ለመረጠኝ ሰው መልስ አለብኝ ብላ መጣች። ግን ማንም አልጠየቃትም። ደብተሯን ገልጣ ያልተጠየቀችውን አንድ በአንድ መለሰች። ሰዉ እሷን አያይም፤ ሁሉም የሚያየው ከጎኗ ያለውን ባዶ ወንበር ነው። እኔም አየሁት። ምንም የለበትም። ቆርቆሮው ላይ ቁራ ሲራመድ ይሰማል። ጎረቤቴ እንኳ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

በመጨረሻ ቄሱ ሊመርቁ ተነሡ። እኛ አገር ሲመረቅ የተጣላ ሰው እንኳ አሜን ይላል።

«ይህችን ልጅ በሰላም ያግባልን» አሉ።

መልስ የለም። ቄሱ እጃቸውን እንደዘረጉ ቆዩና ደገሙት። አሜን ያለ ከእሷ ወገን ነው እንዳይባል ሁሉም ፈርቷል። እኔም ብቻዬን ብል በኋላ ታጣቂዎቹ ምን ያደርጉኝ ይሆን ብዬ አፌን ያዝኩ።

መኪናው ዘንድ ስሸኛት ጠጋ አለችኝ።

«እማ፣ አንቺስ?»

ሳምኳት። ወደ ቡሬ ሄዱ።

ከዚያ ወዲህ ስልኳ አይሠራም። አዲስ አበባ ቤቷ አልገባችም። የሾፌሩም ሚስት እንደኔ እየጠበቀች ነው። የዚያን ቀን የነበሩት ገበሬዎች በደጄ ሲያልፉ፣ ወሬዋ አልተሰማም ወይ ይሉኛል፤ መልሴን ግን ቆመው አይሰሙም።

ልጄ ጠይም፣ ረጅም ናት፤ ሰማያዊ ሹራብ ለብሳለች። የሄዱበት መኪና ነጭ ነው። ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም፣ ከዚያም ወዲያ ባለው መንገድ ያያት ሰው ካለ፣ ክፉም ቢሆን ደግ፣ እባካችሁ ንገሩኝ።